ወንዝ የማያሻግር ድልድይ

ሮስቶክ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
አሮጌ ካሜራ መሸጫ ጎንበስ ብዬ ስገባ፣
ሁለቱን ደረደረልኝ ዲትማር መስታወቱ ላይ፤
ገለል ብሎም ቆመ፣ ልቤ ወዴት እንደሚያጋድል ሊያይ።

ዋጋቸው እኩል ነው፤ ሁለት መቶ ዩሮ፣
የሦስት ወር ቁጠባ፣ ከትርፍ ሰዓት ተቆጥሮ።
ስንዱ ግማሹን ታውቃለች፤ የቀረውን አልነገርኳት፤
የክረምት ጫማ ልገዛ ነው ብዬ ነው የወጣሁት።

አንደኛው ስሙ «ብሪጅ» ነው፣ በኛ አፍ ድልድይ ማለት፤
ሌንሱ ከገላው የማይወልቅ፣ አብሮት የተወለደ አንገት።
እንደ ዔሊ ብቅ ይላል፣ እዝዝ ብሎ ቀስ በቀስ፣
ሃምሳ እጥፍ፣ ስልሳ እጥፍ፣ ከሰማይ ጥግ እስኪደርስ።

በሩ ላይ ቆሜ ሞከርኩት። ከማዶ በታሰረ ጀልባ
አንድ ሰውዬ ፖም ይልጣል፣ ልጣጩ የሚዞር እንደ አበባ።
የአውራ ጣቱን ጠባሳ፣ የቢላውን ዝገት ሳይ ደነገጥኩ፤
ሰላም ልለው ነው መሰለኝ፣ እጄን ከፍ አደረግኩ።
እሱ ግን የት አይቶኝ!
ፖሙን ቆርጦ ጎረሰ፤
ማዶው ማዶ ሆኖ ቀረ፣ ወንዙም በመሐል ፈሰሰ።

ዲትማር ሳቀ። «ሁሉም ሰው በዚሁ ነው የሚነደፈው።
የሩቅ ነገር ይጣፍጣል፤ ግን ጀንበር ስትጠልቅ እየው፤
የውስጡ ዓይን የትንሿን ጣት ጥፍር ታህላለች፣
ሲጨልም የሰው ፊት በትና እንደ አሸዋ ታደርጋለች።»

ሁለተኛው ወፍራም፣ ጥቁር፣ ለጀማሪ የሚሆን ዲ.ኤስ.ኤል.አር፣
ሆዱ ውስጥ መስታወት ያለው፣ «ቀጭ!» ብሎ የሚናገር።
ማንገቻው ላይ የማላውቀው ሰው ስም ተጽፏል፤
ሌንሱ አጭር፤ ሌላ ካሰኘህ፣ ሌላ ደመወዝ ይበላል።
ከሜዳ ማዶ ጥንቸል? አትልፋ። ጨረቃ? ነጭ ምስር።
ዲትማር ግን መጋረጃውን ዘግቶ፣ ከዚያ ጨለማ ዳር
«አንሳኝ» አለ። አነሳሁት። የዓይኑ ሥር ሽብሽብ ሁሉ፣
ሹራቡ ላይ የድመት ፀጉር፣ አንድ በአንድ ይታያሉ።
ከኋላው መደርደሪያው ቀልጦ ጭጋግ መሰለ፤
ሰውየው ብቻውን ቀረ። ለካ ብቻውን ነው የዋለ።

እና የቱን ልውሰድ?

ጥቅምት ላይ የዱር ዝይ ሲያርፍ በመንጋ ከረግረጉ፣
ቀረብ ካሉት ይነሳል፤ ከሩቅ ማየት ነው ወጉ።
ለዝይ ድልድዩ ይበጃል።
ማራኪስ? ልጄ ማራኪ
አርብ ማታ እጅ ኳስ አላት፣ አምፖሉ ግማሹ በጠፋ አዳራሽ፤
ልማርካት ስል ማርካኝ ትሮጣለች።
የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ የትራም ፍሬን ጠጋኝ፤
ስገባ ትወጣለች፣ ስወጣ ትገባለች፣
ደረጃ ላይ በጓንት እጇ ጉንጬን ነክታኝ ታልፋለች።
ካንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ሁለት ዳርቻ ነን እኛ።

ድልድይ ያሉት ለስሙ ነው፤ ማዶን ለዓይን ያቀርባል፤
እግር ግን የቆመበት፣ እዚያው ዳር ላይ ይቀራል።

ጥቁሩን ገዛሁ። ዲትማር ቻርጀሩን መረቀልኝ።

አርብ ፈረቃ ለወጥኩ። ከመቀመጫው ሆኜ ሳነሳ
ልጄ የክብሪት እንጨት አከለች፤ ሌንሱ አጭር ነዋ፣ ምን ላርገው?
ተነሳሁ። ወረድኩ። የመስመሩ ጠርዝ ድረስ ሄድኩ፤
ኳስ ትከሻዬን ሲያጮለኝ ሳላስበው ቁልፉን ተጫንኩ።
ፎቶው አንድ ጆሮ ነው፣ የተፈታ ሹሩባ ነው፣
የተቀረው ሳቅ ነው።

እሁድ ወደ ረግረጉ ወረድን፣ እኔና እሷ ብቻ።
ዝይዎቹ በምስሉ ላይ የኑግ ፍሬ ሆነው ወጡ።
«አባ፣ የቱ ነው ዝይ፣ የቱ ነው የሌንሱ ቆሻሻ?»
ተከራከርንበት፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ። አልሰረዝኩትም።

ማታ ስንዱ ካልሲዬን ጨመቀች። ውሃው ወረደ።
ጫማዬን ገልብጣ ሶሉን አየች፤ ካሜራውን አየች፤
ከማሞቂያው አጠገብ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።